ተከራዩ የሌለበት ዶሴ

ግልጽ ደብዳቤ
ለመኪና አከራዮች እና ለመድን ድርጅቶች የካሳ ክፍሎች
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በተከራየ መኪና ላይ ጉዳት ሲደርስ ካሳ የምትጨርሱበትን አሠራር ይመለከታል

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከመካነ ኢየሱስ ነው፤ እናንተ ውሉ ላይ መድረሻውን «እስቴ» ብላችሁ ከምትጽፉት ከተማ። የእኛ አገር ሰው ለሽርሽር ብሎ መኪና አይከራይም። ጥር ሲገባ ሙሽራ ለማምጣት፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ተኝቶ የከረመ ዘመድ ወደ ቤቱ ለመመለስ፣ ከውጭ የመጣ ልጅ እናቱን ይዞ ወገዳ ወይም አርብ ገበያ ለቅሶ ለመድረስ ነው የሚከራየው። ገንዘቡን ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ያዋጣዋል። መኪናው ሲጎዳም ውሉ ላይ የፈረመው አንድ ሰው ቢሆን ዕዳውን የሚካፈለው ዘመድ አዝማዱ ነው።

ያበላሸ ይክፈል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ቅሬታዬ ዕዳው በሚተመንበትና በሚዘጋበት መንገድ ላይ ነው፤ የሚከፍለው ሰው ምን እንደከፈለ፣ ለማን እንደከፈለ፣ ሌላ ሰው ከፍሎለት እንደሆነ የሚያውቅበት አንድም ወረቀት አትሰጡትም።

ሂደቱን ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ከተከራዩ ወገን ሆኖ ሲታይ ግን ይህን ይመስላል። ከሐሙሲት በአንበሳሜ አድርጎ ወደ እስቴ በሚወጣው መንገድ ላይ መኪናው ይንሸራተትና ፓራውልቱና የቀኝ ስፖርቴሎው ይመታል። ተከራዩ ለአከራዩ ይደውላል። ትራፊክ ፖሊስ ይጠራል፣ ቃሉን ይሰጣል፣ ፕላን ይነሳል። መኪናው ባሕር ዳር ይወርዳል። ከዚህ በኋላ ያለውን ተከራዩ አያየውም። አከራዩ የጉዳት ማስታወቂያ ቅጽ ሞልቶ ለመድን ድርጅቱ ያስገባል። ገማች መጥቶ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ የሚቀየረውንና የሚጠገነውን ይለያል። ጋራዦች ዋጋ ያቀርባሉ፣ አንዱ ያሸንፋል። መድኑ ባለመኪናው ራሱ የሚሸፍነውን ድርሻ፣ «ኤክሰስ» የምትሉትን፣ ቀንሶ የቀረውን ይከፍላል። ዶሴው ይዘጋል። ለተከራዩ ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው «ይህን ያህል አምጣ» የሚል ስልክ ብቻ ነው።

የእኅቴን ልጅ የገጠመው ይኸው ነው። የማንንም ድርጅት ስም አልጠራም። ለሰርግ የተከራየው መኪና ተመታበት። ያስያዘው ገንዘብ ተወሰደ፣ በላዩ ላይ ተጨመረ፣ መኪናው ጋራዥ ለቆመበት ጊዜም የቀን ኪራይ ታሰበበት። ከፈለ። ቆይቶ ጋራዡ የሚሠራ የአገራችን ልጅ የጥገናው ሒሳብ በመድን መከፈሉን ነገረው። አከራዩን ሄዶ ሲጠይቅ «ይህ የእኔና የኢንሹራንሱ ጉዳይ ነው» ተባለ። የመድን ድርጅቱ ቅርንጫፍ ሲሄድ ደግሞ «ደንበኛችን አንተ አይደለህም» አሉት። እያንዳንዱን መልስ ለብቻው ለሰማው ትክክል ይመስላል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን አንድ ጉዳት ሁለት ጊዜ ተከፈለበት፤ ሁለት ጊዜ መከፈሉን የሚያሳየውን ሰነድ የያዙትም እነዚያው ሁለቱ ናቸው።

ሕጉ በዚህ ላይ ዝም አላለም። የመድን ውልን ዛሬም የሚገዛው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው፤ በ2013 አዲሱ የንግድ ሕግ ሲወጣ የመድኑ ክፍል ሳይሻር እንዳለ ቆይቷል። አንቀጽ 678 የንብረት መድን የካሳ ውል መሆኑን፣ ካሳውም አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ እንደማይችል ይናገራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2091 ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። በሌላ ሰው ሀብት ያላግባብ የበለጸገ እንዲመልስ የሚያዘውም አንቀጽ 2162 አለ። እነዚህን አንቀጾች የካሳ ክፍሎቻችሁ ጠበቆች በቃላቸው ያውቋቸዋል። ስለዚህ የመድን ድርጅት ለባለመኪናው ከመክፈሉ በፊት «ከተከራዩ የተቀበልከው ገንዘብ አለ ወይ?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ለምን ያቅተዋል? ጥያቄው አንድ መስመር ነው። የሚጠቅመውም ራሱን መድኑን ነው፤ ከተከራዩ የተገኘ ገንዘብ ካለ የመድኑ ክፍያ በዚያው ልክ ይቀንሳልና።

ከዚህ የባሰም ሊመጣ ይችላል። በንግድ ሕጉ አንቀጽ 683 መሠረት መድን ሰጪው ካሳ ከከፈለ በኋላ በባለመኪናው ቦታ ተተክቶ ጉዳቱን ያደረሰውን ሰው መጠየቅ ይችላል። ለአከራዩ ከፍሎ የጨረሰ ተከራይ፣ ደረሰኝ ካልያዘ፣ ከመድን ድርጅት ሌላ ጥያቄ ሊመጣበት ነው ማለት ነው። ወረቀት የመስጠትን ጉዳይ አጥብቄ የያዝኩት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቀን ኪራዩ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣኝ እሱ ነውና። መኪናው ቆሞ በዋለበት ቀን አከራዩ ገቢ ያጣል፤ ይህ እውነት ነው። ግን መኪናውን ማን ነው ያቆመው? ላሜራ ለመምታትና ቀለም ለመቀባት የሚፈጀው ጊዜ ይታወቃል። ሌላው ጊዜ የሚያልቀው ገማች እስኪመጣ፣ የጋራዦች ዋጋ እስኪሰበሰብ፣ ሒሳቡ ከቅርንጫፉ ሥልጣን በላይ ሲሆን አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት ፈቃድ እስኪመጣ፣ መለዋወጫ እስኪገኝ ነው። ተከራዩ በነዚህ በአንዱም ላይ እጁ የለበትም። ሊያፋጥነው አይችልም፤ ቢደውል የሚያነሳለት የለም። የሁለት ድርጅቶች መዘግየት በቀን ተተምኖ ቤተሰብ አዋጥቶ ለከፈለ ሰው ይላካል። ጥገናው በእርግጥ የሚፈልገውን ቀን ጋራዡ በጽሑፍ ይግለጽ፤ ተከራዩ ከተጠየቀም ለዚያ ብቻ ይጠየቅ። ዶሴው ጠረጴዛ ላይ ያደረበት ቀን ዶሴውን ያሳደረው ሰው ሒሳብ ነው።

ሌላው ችግር ገና ቁልፍ ሲሰጥ ይጀምራል። ተከራዩ «ኢንሹራንስ አለው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አከራዩ ፓራብሬዛው ላይ የተለጠፈውን ያሳየዋል። ያ ተለጣፊ የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ያስገደደው ይህ መድን በመኪናው ለሚገጭ ሰውና ለሌላ ሰው ንብረት ነው የቆመው፤ ለንብረት የደነገገው ጣሪያም 100,000 ብር ነበር። ለተከራየው መኪና ለራሱ አንዲት ሳንቲም አይከፍልም። ይህን ሳይነግሩ ተለጣፊውን በጣት ማሳየት ሰውን ማሳሳት ነው። ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የሸማቹ መብት ሆኖ ተደንግጓል።

ሙሉ መድን ባለበትም ቢሆን መድኑ ስንት ላይ እንደተገባ ተከራዩ አያውቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ እናያለን። አከራዩ አረቦን እንዳይበዛበት በድሮው ዋጋ ያሳደሰው መኪና ቢጎዳ መድኑ የሚከፍለው በዚያው መጠን ቀንሶ ነው። ለምሳሌ አራት ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በሁለት ሚሊዮን ብር መድን ቢገባና የ400,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ መድኑ 200,000 ብር ብቻ ይከፍልና ለቀረው ግማሽ ባለመኪናው የራሱ መድን ሰጪ ይሆናል። ከአረቦኑ የተረፈው ገንዘብ የአከራዩ ነበር፤ የጎደለው ካሳ ግን ከተከራዩ ይጠየቃል። በኮድ 2 ሰሌዳ መኪና የሚያከራዩትም እንዲሁ ናቸው። ለግል አገልግሎት ተብሎ መድን የተገባለት መኪና ለኪራይ ሲውል ከውሉ ሽፋን ይወጣል፤ ይህን እያወቁ ማከራየት፣ አደጋ ሲደርስ «መድኑ እምቢ አለ፣ አንተ ክፈል» ማለት ነውር ነው።

የእኛን አካባቢ ሁኔታም ከግምት አስገቡልኝ። የንግድ ሕጉ አንቀጽ 670 አደጋውን ባወቁ በአምስት ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ማስታወቅን ያዝዛል፤ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ሲኖር ግን ያልፋል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በትጥቅ ግጭቱ ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት፣ ኢንተርኔት ለወራት የጠፋበት፣ ትራፊክ ፖሊስ ቦታው ድረስ መምጣት የማይችልበት ጊዜ ነበር። ከስማዳ መኪና ይዞ መውጣት ያልቻለ ሰው ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? መንገድ ሲዘጋ መኪናው ሳይመለስ የቆየበትን ቀን በተከራዩ ላይ እንደ ኪራይ መቁጠር፣ የዘገየውን ማስታወቂያም የእሱ ጥፋት ማድረግ ፍርድ አይደለም። የካሳ ክፍሎች ከቀበሌ የተጻፈ ማረጋገጫንና በስልክ የተነሳ ፎቶን ተቀብላችሁ ዶሴ መክፈት ትችላላችሁ። በእንዲህ ያለ የትጥቅ ግጭት ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት መደበኛው የመኪና መድን እንደማይከፍል፣ ለእሱ ተጨማሪ ሽፋን መግዛት እንደሚያስፈልግም አከራዩ ቁልፉን ሲሰጥ በቃሉ ይንገር። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ይህን ሰምቶ ቢወስን መብቱ ነው።

አከራዮች የምትደክሙበትን አላጣሁትም። ጉዳት ደብቆ በሌሊት መኪና ጥሎ የሚሄድ አለ፤ ያልተፈቀደለትን ሰው መሪ የሚያስይዝ አለ፤ የተከራየውን መኪና አስይዞ ገንዘብ የሚበደርም ተገኝቷል። መያዣና ዋስ የምትጠይቁት ለዚህ መሆኑ ይገባኛል። ጉዳቱን ራሱ ደውሎ ያሳወቀውን፣ ፖሊስ ዘንድ ቃሉን የሰጠውን ሰው ግን ከእነዚያ ጋር ለምን ትቆጥሩታላችሁ?

በሌላው ዓለም ያሉ አከራዮች ለዚህ መላ ካበጁ ቆይተዋል። ተከራዩ በቀን ጥቂት ጨምሮ ይከፍላል፤ ጉዳት ቢደርስ ከተወሰነ ገንዘብ በላይ አትጠየቅም የሚል ወረቀት ይሰጠዋል። ቁልፍ ሲወስድና ሲመልስ ያለው ጭረት ሁሉ በሥዕል ላይ ተመልክቶ ሁለቱም ይፈርሙበታል። ከውጭ የሚመጡት ልጆቻችን ይህን ለምደው ነው ባሕር ዳር የሚከራዩት፤ ውሉን ሲያነቡት ግን «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ተከራዩ ኃላፊ ነው» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው የሚያገኙት።

ከእናንተ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የመድን ውሉ ቅጂ፣ የተገባበት መጠንና ኤክሰሱ ጭምር፣ ከኪራይ ውሉ ጋር ይያያዝ። ገማቹ ሲመጣ ተከራዩ ወይም እሱ የወከለው ሰው ይጠራ፣ የግምቱም ግልባጭ ይሰጠው። ዶሴው ሲዘጋ መድኑ ስንት እንደከፈለ የሚገልጽ ደብዳቤ ለተከራዩም ይድረሰው፤ ከሚገባው በላይ ከፍሎ ከተገኘ መያዣው ይመለስለት። በአዋጅ ቁጥር 746/2004 የመድን ሥራን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክም ይህን በመመሪያ ሊያስገድድ ይችላል። እናንተ ግን መመሪያ እስኪወጣ መጠበቅ የለባችሁም፤ ወረቀቶቹ አሁንም ዶሴያችሁ ውስጥ አሉ። የእኅቴ ልጅ የጠየቀው የዶሴው ግልባጭ እስካሁን አልተሰጠውም።

ከሰላምታ ጋር
ከመካነ ኢየሱስ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የመድን ቁጥጥር ክፍል
አዲስ አበባ