ከብቱ እያለቀ ሰውን አዳንን አይባልም

በኢሉባቦርና በወለጋ ደጋ ክረምቱ ሲበረታ ዝናቡ እዚያው አይቀርም። ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ ከተሞች አንዷ ናት። የዚያ ደጋ ዝናብ በገባና በብርብር ወንዞች ተሰብስቦ ባሮን ይወልዳል። ባሮ ተራራውን ጨርሶ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችውን የጋምቤላ ከተማን ካለፈ በኋላ በኢታንግ በኩል ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር በሚሄደው ሜዳ ይንሰራፋል። ማታር የምትገኘው በዚህ ሜዳ ላይ ነው፤ በኑዌር ብሔረሰብ ዞን፣ በዋንቱዋ ወረዳ። መሬቱ ተዳፋት ስለሌለው ወንዙ ሲሞላ ውሃው ወደ ጎን ይሰፋል፤ ክረምቱ በከፋበት ዓመትም ሜዳው ላይ ለሳምንታት ተኝቶ ይቆያል። ጎርፍ በደረሰ ቁጥር መጀመሪያ የምንሰማው ስንት ሰው እንደተፈናቀለ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ከብቱ ግን ብዙውን ጊዜ ዜናው ሊያልቅ ሲል ይነሳል፤ እርዳታውም በአብዛኛው ከእህል፣ ከዘይትና ከሸራ አያልፍም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ በማታርና በመሰል አካባቢዎች የአደጋ ዝግጅት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከብቱን ከሰው ጋር አብሮ አስቦ ካልተነሳ፣ ሰውንም አያድንም።

ምክንያቱን ለማየት የኑዌርን የዕለት ኑሮ መመልከት ይበቃል። በበጋ ወንዝ ዳር በሚተከለው የከብት ሰፈር፣ አመሻሹ ላይ እያንዳንዱ ከብት በየራሱ ካስማ ይታሰራል። ቀን ተሰብስቦ ፀሐይ ያደረቀው እበት ይቀጣጠልና ጭሱ ትንኙን ከከብቱም ከሰውም ያርቃል፤ አመዱም ገላ ላይ ይቀባል፣ ጥርስም ይፋቅበታል። ክረምት ሲገባ መንጋው ሉዋክ ወደሚባለው ትልቅ የሣር ክዳን ጎጆ ይገባል። ወተቱ የሕፃናት ዋና ምግብ ነው። ጥሎሽ በከብት ይከፈላል፤ የፈሰሰ ደም የሚካሰውም በከብት ነው። ለአቅመ አዳም የደረሰ ወጣት በሬ ይሰጠዋል፤ በዚያ በሬ መልክ ስም ይወጣለታል፣ ይዘፍንለታልም። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የታወቀ ጥናቱ የኑዌርን ማኅበራዊ ኑሮ ለመረዳት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ከብቱን ማወቅ እንዳለበት አስረድቷል። እንግዲህ መንጋው በጎርፍ ያለቀበት ቤተሰብ ያጣው ንብረት ብቻ አይደለም፤ የልጆቹን ምግብ፣ የልጁን ጋብቻና ከጎረቤቱ ጋር የሚታረቅበትንም ጭምር ነው።

ይህ ለደጋው አንባቢ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። አባ ታጠቅ ሲባል ቴዎድሮስን፣ አባ ዳኘው ሲባል ምኒልክን፣ አባ ነጋ ሲባል አሉላን፣ አባ ነፍሶ ሲባል ባልቻን የማያስታውስ ማን አለ? ጀግኖቻችንን በፈረሶቻቸው ስም ስንጠራ ኖረናል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በዓድዋ ከአርበኛው ጋር የዋሉትን ፈረሶች ውለታ ለመዘከር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ያከብራል። በምዕራቡ ቆላ ሙቀቱም የገንዲ በሽታውም ለፈረስ ስለማይመቹ ያን የክብር ቦታ በሬው ይዞታል። ልዩነቱ የደጋው ፈረስ ታሪኩ ተጽፎለት፣ በዓል ተቆርጦለት መከበሩ ላይ ነው። የማታር በሬና ላም ግን ዛሬም የቤተሰቡ ሕልውና ሆነው ሳለ በዕቅድ ሰነድ ውስጥ የሚገባቸውን ቦታ አላገኙም። ላለፈው ፈረስ ክብር የማንነፍግ ሕዝብ፣ ዛሬ ውሃ ውስጥ ለቆመች ላም ክትባትና ደረቅ መሬት ልንነፍጋት አይገባም።

የእንስሳት እልቂት የሰው እልቂት መሆኑን ታሪካችን በመራራ መንገድ አስተምሮናል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ የአገሪቱን አብዛኛውን ከብት ፈጀ፤ የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ ክፉ ቀን የተባለውም ረሃብ ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ ጨረሰ። ይኸው በሽታ ከአገራችን የጠፋበት መንገድም ትምህርት ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽና ማብቂያ በአፋር ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠለጠኑ፤ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተሸክመው መኪና በማይደርስበት ሁሉ በእግራቸው ደረሱ። በሽታው ከዚያ ወዲያ ተመልሶ አልተነሳም፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ በይፋ ታወጀ። የክትባት ፋብሪካችን ቢሾፍቱ ነው። የግብርና ሚኒስቴር በአርብቶ አደር አካባቢዎች በአደጋ ጊዜ እንስሳትን ለመታደግ የሚያገለግል አገር አቀፍ መመሪያ ካወጣም ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዕውቀቱም ልምዱም በእጃችን አለ፤ የጎደለው ወደ ጎርፍ ሜዳው ማውረዱ ነው።

ለማታር የሚያስፈልገው ይህ ነው። ደጋ ላይ የጣለ ዝናብ ድንበሩ ሜዳ ላይ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የላይኛው ተፋሰስ የዝናብ መረጃና የባሮ የውሃ ከፍታ በየቀኑ ተነጻጽሮ በኑዌርኛ በሬዲዮ ይነገር፤ እረኛው መንጋውን የሚያንቀሳቅስበት ቀን ያገኛል። አባ ሰንጋን፣ አባ ጎርባንና ጎርርሳን የሚከላከሉ ክትባቶች ከግንቦት በፊት ይሰጡ፤ ውሃ ከተኛ በኋላ መንገድ የለም። መድኃኒቱ ክረምት ሳይገባ ወረዳው ላይ ይቀመጥ፤ በየቀበሌው የሠለጠኑ ወጣቶች፣ ለእነሱም ጀልባ ይኑር። ከብቱ የሚሸሽበት ከፍ ያለ መሬት ደግሞ በበጋ፣ ከጎረቤት ማኅበረሰብ ሽማግሌዎች ጋር በስምምነት ይለይ። ያለ ስምምነት በጭንቅ ሰዓት የተነዳ መንጋ ሌላው ማሳ ውስጥ ገብቶ ጠብ ይጭራል።

የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። የመጀመሪያው፣ ሰው እየሰጠመ ስለ ከብት ማውራት ነውር ነው የሚለው ነው። ሰው መቅደሙ አያከራክርም። ነገር ግን ከብቱን ጥሎ መውጣት ያቃተው እረኛ ራሱም ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ለከብቱ ቦታ ሲዘጋጅ ሰውም በጊዜ ይወጣል። ሁለተኛው፣ ከብት በማብዛት ላይ የቆመው ባህል መቀየር አለበት የሚለው ነው። ኑሮን ማሻሻል መልካም ነው፤ ገበያ፣ ትምህርትና የተሻለ ዝርያ ይምጣ። ጎርፍ መንጋን መጨረሱ ግን ለውጥ አይባልም፤ ቤተሰቡን ለዓመታት የእርዳታ ጠባቂ ያደርጋል፣ ወተት የለመደውን ሕፃን ባዶ ያስቀራል። ሦስተኛው፣ ከብት የግጭት ምክንያት ነው የሚለው ነው። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ድንበር ተሻግረው የመጡ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን ከ200 በላይ ሰው ገድለው፣ ከ100 በላይ ሕፃናትንና 2,000 ገደማ ከብት ይዘው ሄደዋል፤ ስጋቱ እውነተኛ ነው። የዘረፋ መድኃኒቱ ግን ጥበቃና ዕርቅ ነው። ጥሎሽ የሚከፍልበት ያጣ ወጣት ለዘረፋ ይበልጥ ይጋለጣል እንጂ ሰላማዊ አይሆንም።

ወጪውን የሚያነሳም ይኖራል። ለአንድ ከብት የሚወጣው የክትባት ዋጋ ያንን ከብት ለመተካት ከሚያስፈልገው ጋር አይወዳደርም፤ መንጋውን ያጣን ቤተሰብ ለዓመታት መመገብም ከሁሉም ይከብዳል። በዚያ ላይ ማታርና አካባቢዋ ከድንበር ማዶ ጦርነት የሸሹ ሰዎችን እየተቀበሉ ያሉ ናቸው፤ አስተናጋጁ ሲደኸይ እንግዳውም ይራባል። ስለዚህ የክልሉ ግብርና ቢሮ፣ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንና ረጂ ድርጅቶች የሚመጣውን ክረምት ዕቅድ ሲያዘጋጁ ከተፈናቃዩ ቁጥር ጎን የከብቱን ቁጥር ይጻፉ፤ ከዱቄቱ ጎን ክትባቱን፣ ከሸራው ጎን ደረቁን መሬት በጀት ይያዙለት። ይህ ሥራ የሚሠራው በበጋ ነው፤ ባሮ ከሞላ በኋላ የሚሰበሰብ ስብሰባ ለማታር አይደርስላትም።