100 ፍሬዛል ቨርብ በ20 ደቂቃ

«100 ወሳኝ ፍሬዛል ቨርቦች በ20 ደቂቃ!» ርዕሱ ይሄ ነው፤ ካልሆነም የዚህ ታናሽ ወንድም። ሽፋኑ ላይ አንድ መምህር አፉን ከፍቶ ይታያል፤ ከጎኑ «ጊቭ አፕ» በቀይ ተጽፏል፤ ከታች ደግሞ «ይህን ሳታውቁ እንግሊዝኛ እንችላለን እንዳትሉ» የምትል ማስፈራሪያ ቢጤ አለች። እንግሊዝኛን በአማርኛ የሚያስተምሩ ቪዲዮዎችን የሚከታተል ሰው እንዲህ ዓይነቱን ሳያገኝ ሳምንት አያልፈውም። እኔም ከተከታታዮቹ አንዱ ነኝ። ቪዲዮዎቹ ይጥፉ አልልም። ብዙዎቹ ግን ትምህርት ብለው የሚሰጡን የመማር ስሜትን ነው፤ ይባስ ብሎ አማርኛችንን ባዶ ዕቃ ያስመስሉታል። ጠቤ ከእነዚህ ከሁለቱ ጋር ነው።

ነገሩ ምን እንደሆነ ባጭሩ እናንሳ። ስጥ፣ ያዝ፣ ሂድ የሚል ዓይነት ተራ የእንግሊዝኛ ግሥ እንደ «አፕ»፣ «ኦፍ»፣ «ኦን»፣ «አውት» ካሉ ትናንሽ ቃላት ጋር ሲጣመር ሌላ ትርጉም ይወልዳል። ትናንሾቹን ቃላት ለዚህ ጽሑፍ ጅራት እንበላቸው። «ሉክ» ማየት ነው፤ «ሉክ አፍተር» መንከባከብ፤ «ሉክ ኢንቱ» አንድን ጉዳይ መመርመር። ለባዕድ ከባድ መሆኑን እንግሊዞቹ ራሳቸው ያውቁታል። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ የውጭ ሰዎችን እጅግ የሚያስቸግረው ይህ የግሥና የትንሽ ቃል ጥምረት እንደሆነ ጽፏል። ስለዚህ ቢከብዳችሁ አትፈሩ፤ ከ270 ዓመት በፊትም የታወቀ ችግር ነው።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 20 ደቂቃ 1200 ሰከንድ ነው። ለ100 ሲካፈል ለአንዱ 12 ሰከንድ ይደርሰዋል። በ12 ሰከንድ ውስጥ መምህሩ ቃሉን ያነባል፣ «ማለት» ይላል፣ አንድ የአማርኛ ግሥ ይወረውራል፣ ከተረፈው አንድ ምሳሌ ጣል ያደርጋል፣ ያልፋል። «ጊቭ አፕ ማለት መተው። ጊቭ ኢን ማለት መሸነፍ። ጊቭ አዌይ ማለት በነጻ መስጠት። ጊቭ ባክ ማለት መመለስ።» ሁሉም በ«ጊቭ» ስለሚጀምሩ ብቻ አንድ ላይ ታጭቀዋል። አራት መንትዮችን በአንድ ቀን አስተዋውቆ በማግስቱ «ስማቸውን ጥራ» ብሎ እንደ መፈተን ነው። ተማሪው የሚቀረው «ጊቭ» የሚባል ነገር እንዳለ ነው፤ የትኛው ጅራት ምን እንደሚያመጣ ተደበላልቆበታል።

እሱም ቢሆን እያንዳንዱ ፍሬዛል ቨርብ አንድ ትርጉም ቢኖረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ዲ ጋርድነርና ማርክ ዴቪስ የተባሉ ተመራማሪዎች 100 ሚሊዮን ቃላት የያዘውን የብሪታንያ እንግሊዝኛ የጽሑፍና የንግግር ክምችት ፈትሸው ነበር። ብዙ ጊዜ የሚመጡትን 100 ፍሬዛል ቨርቦች ለይተው በአንድ የታወቀ የቃላት ቋት ትርጉማቸውን ሲቆጥሩ 559 ሆነ። በ20 ደቂቃ 559 ትርጉም ማለት ለአንዱ ሁለት ሰከንድ። ለማስነጠስ እንኳ አይበቃም!

ይህ ቀልድ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። የአክስቴ ልጅ ከእነዚህ ቪዲዮዎች የገለበጠችው ሦስት መቶ ያህል ፍሬዛል ቨርብ የሞላበት ደብተር አላት። በሦስት ቀለም ጽፋ፣ በማስመሪያ አስምራ፣ ፓኬጅ እየገዛች የሠራችው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠራት። ጠያቂው ስለ ቀድሞ ሥራዋ «ፊል ሚ ኢን» አላት። «ፊል ኢን» ደብተሯ ውስጥ አለ፤ «ፎርም መሙላት» ይላል። እስክሪብቶዋን አውጥታ የሚሰጧትን ፎርም ጠበቀች። ሰውዬው ያለው ግን «እስቲ ንገሪኝ፣ አስረጂኝ» ነበር። ሥራው አልሆነላትም። በዚያች ቃል ብቻ ነው ብዬ አልምልም። የሚያናድደኝ ግን ከዚያ ወጥታ ያለችው ነው፦ «እኔ ድሮም ለእንግሊዝኛ አልተፈጠርኩም።» ኧረ እሷ ምን አጠፋች? የተሰጣትን በሙሉ አጥንታለች። የተሰጣት ነው ጎደሎ የነበረው። ጎደሎ ትምህርት ደግሞ ተማሪው ራሱን እንዲጠረጥር ያደርጋል፤ መምህሩን የሚጠረጥር የለም።

ወደ ሁለተኛው ጠቤ ልምጣ። «በአማርኛ እንደዚህ ዓይነት ነገር ስለሌለ ዝም ብላችሁ ሸምድዱት።» ይህን አባባል ከስንቱ አፍ ሰምቼዋለሁ። ዝም ብላችሁ! ማስተባበያው እዚያው ንግግሩ ውስጥ ተቀምጧል እኮ። «አለ» መናገር ነው። «ዝም» ብቻውን ግሥ አይደለም። ሁለቱ ሲጋጠሙ የመናገር ተቃራኒ ይወጣቸዋል፦ ዝም አለ። ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ቀጥ አለ፣ እልም አለ። አንዳቸውም ስለ መናገር አያወሩም። «መብራቱ ድርግም አለ» ሲባል መብራቱ ምን ብሎ ተናገረ ብሎ የጠየቀ ሕፃን አላውቅም። እንግሊዞቹ ያንኑ ሲሉ «ዘ ላይትስ ዌንት አውት» ይላሉ፤ መብራቱ የትም አልሄደም።

ሌላ ልጨምር። «ነገረው» ስንል ወሬ አቀበለው ማለት ነው። «ልክ ልኩን ነገረው» ስንል ግን ሰውዬው ዋጋውን አግኝቷል። እንግሊዝኛው «ቴል» ላይ «ኦፍ» ሲጨምር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «ሰጠ» መስጠት ነው፤ «እጅ ሰጠ» መሸነፍ። «ጊቭ አፕ» ውስጥ ያለውም «ጊቭ» ያው መስጠት ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» ነው። ዳኛው ያው፣ ግሡ ያው፣ የተለወጠችው አንዲት ፊደል። አንዱ ሰው እያመሰገነ ይወጣል፣ ሌላው እያለቀሰ። «ለ»ን በ«በ» ለውጦ የሰውን ዕድል መገልበጥ የሚችል ቋንቋ የሚናገር ልጅ፣ «ስታንድ አፕ ፎር» ቆመለት፣ «ስታንድ አፕ ቱ» ደግሞ ተጋፈጠው መሆኑን ለመረዳት አእምሮ አያጥረውም። አስተውል የሚለው ሰው ነው ያጣው።

ከዚህ አንጻር ጅራቶቹን ራሳቸውን ብንይዝስ? ያው የ2007ቱ ጥናት እንደሚለው 20 ግሦች ከ8 ጅራቶች ጋር ሲጣመሩ ብቻ በክምችቱ ውስጥ ካለው የፍሬዛል ቨርብ አጠቃቀም ከግማሽ በላዩን ይሸፍናሉ። ስምንት ናቸው፤ ስምንት መቶ አይደሉም። «አፕ»ን እንውሰድ። አማርኛችን ለ«አፕ» ቢያንስ ሦስት ቤት አለው። አንደኛው ከፍ ነው፦ «ስፒክ አፕ» ድምፅህን ከፍ አድርግ። ሁለተኛው ብቅ ነው፦ «ሾው አፕ» ብቅ አለ፤ «ፖፕ አፕ» ድንገት ብቅ አለ፤ ስልካችሁ ላይ ሳትፈልጉት የሚመጣው ማስታወቂያም ስሙ ከዚያ ነው። ሦስተኛው ሙጥጥ ነው፦ «ኢት አፕ» ሙጥጥ አድርጎ በላ፣ «ድሪንክ አፕ» ጭልጥ አድርጎ ጠጣ፣ «ሎክ አፕ» ጥርቅም አድርጎ ቆለፈ፣ «ቴር አፕ» ብጭቅጭቅ አድርጎ ቀደደ። «አፕ» እዚህ ላይ ወደ ላይ አይወጣም፤ ሥራውን እስከ ጥጉ ያደርሰዋል። «ኢት አፕ ማለት መብላት» ብሎ የሚያልፍ መምህር ተማሪውን ዋናውን ነገር ነፍጎታል፤ ምክንያቱም «ኢት» ብቻውንም መብላት ነው። ልዩነቱ ሳህኑ ላይ በቀረው ነገር ነው።

ሁሉም ለዚህ ሕግ አይገዛም። ወሬ ፈጥሮ ማውራትን «ሜክ አፕ» ይሉታል፤ እሱ ከሦስቱ ቤቶች በአንዱም አያድርም፣ ለብቻው መያዝ አለበት። እንዲህ ያለው ብዙ ነው። ግን የማይሸመደደውን ከሚሸመደደው ለይቶ መስጠት የመምህር ሥራ ነበር። እኛኮ ሳንማር ጀምረነዋል። «ጊቭ አፕ አታድርጊ» የሚል ልጅ በየካፌው ሞልቷል። ምን እንዳደረገ አያችሁ? የእንግሊዝኛውን ጥምር ግሥ አንስቶ በ«ዝም አድርግ»፣ በ«ከፍ አድርግ» ወንበር ላይ አስቀመጠው። አማርኛው ቦታ ስለነበረው ነው የተቀመጠው።

በ12 ሰከንድ የማይገባ ሌላም ነገር አለ፤ የቃል ቅደም ተከተል። «አጥፋው» ለማለት «ተርን ኢት ኦፍ» እንጂ «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም፤ «ኢት» መሀል ትገባለች። «ተንከባከበው» ሲሆን ደግሞ «ሉክ አፍተር ሂም» ነው፤ መሀል አትገባም። ድምፁም ይለያያል፦ «ተርን ኢት ኦፍ» ሲባል የሚጠነክረው «ኦፍ» ነው። ስለዚህ ፊልም ስትመለከቱ ጆሯችሁን ጅራቱ ላይ አድርጉ። ይህን የሚያስረዳ ቪዲዮ ባጣም ጥቂት ነው። ዝርዝር ለመሥራት ያመቻል፤ ሕግ ለማስረዳት ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ የወሰደ ቪዲዮ ደግሞ ተመልካች ያጣል። ርዕሱ ላይ «100» ያለው ይከፈታል፣ «የአፕ ሦስት ጠባዮች» የሚለው ይታለፋል። ጥፋቱ የመምህራኑ ብቻ አይደለም፤ እየመረጥን የምንጫነው እኛም አለንበት።

ለምን ይሄን ያህል ታካብዳለህ የሚል ይኖራል። ስለ ትምህርት ቤት ልንገራችሁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መማሪያ መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ናቸው። እዚያ የምናገኘው «ኢንቨስቲጌት»ን፣ «ፖስትፖን»ን፣ «ቶለሬት»ን ነው። ከ1066 የኖርማኖች ወረራ ወዲህ በፈረንሳይኛና በላቲን በኩል ወደ ፍርድ ቤቱ፣ ወደ ቤተ ክህነቱና ወደ ትምህርት ቤቱ የጎረፉት ቃላት ወገን ናቸው። በየቤቱና በየመንገዱ የቀረው ንግግር ግን «ሉክ ኢንቱ»፣ «ፑት ኦፍ»፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ይላል። የእኛው «ተመገበ» እና «በላ» ናቸው በሉት፤ ዜና አንባቢው «ተመገቡ» ይላል፣ እናታችሁ «ብሉ» ትላለች። ስለዚህ ባዮሎጂን በእንግሊዝኛ አንብቦ ያለፈ ልጅ ስልክ ላይ «ሀንግ ኦን» ሲባል ጠብቅ መባሉን ሳያውቅ ይዘጋዋል። የጥሪ ማዕከል ሥራ፣ የውጭ ዕድል፣ ከባዕድ አለቃ ጋር መግባባት፣ ሁሉም የሚያልፈው በዚህችኛዋ እንግሊዝኛ በኩል ነው። ቀልድ አይደለም፤ እንጀራ ነው።

«በነጻ እያስተማሩህ ታማርራለህ እንዴ?» የሚለው ክርክር ከባዱ ነው። እውነት አለው። መምህር እንግሊዝኛ አፉን ፈትቶ ሲናገር ሰምቶ ለማያውቅ የገጠር ተማሪ እነዚህ ቪዲዮዎች የመጀመሪያው በር ናቸው፤ በአማርኛ መሰጠታቸውም ትልቅ ነገር ነው። ግን ነጻ ነው ወይ? ፓኬጅ ይገዛል፣ ሌሊት ይታደራል፣ ደብተር ያልቃል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ተስፋ ይወጣበታል። ተስፋ የወጣበትን ነገር ነጻ አትበሉብኝ።

የተሻለ መንገድም አዲስ ፈጠራ አይፈልግም። ወልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ትርጉምን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስቀመጠ ነው የሚያሳየው። «ማለት» ብሎ አንድ ቃል አይወረውርም። ከ50 ዓመት በፊት በወረቀት የተቻለ ነገር ዛሬ ምስልና ድምፅ ባለው ቪዲዮ እንዴት አቃተ? እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ጋርኒየርና ሽሚት የተባሉ ሁለት አጥኚዎች ብዙ የሚያገለግሉ 150 ፍሬዛል ቨርቦችን አውጥተው፣ ከትርጉማቸውም ይበልጥ የሚጠቅሙትን ብቻ ለቅመው 288 ላይ አቆሙ። መምህራኖቻችን የሚያስፈልጋቸው እንዲህ ያለው ወንፊት ነው።

ስለዚህ ለምታስተምሩን፦ አንድ ቪዲዮ፣ አንድ ጅራት። ጅራቱን ከአማርኛው ዘመዱ ጋር አገናኙት። ዘመድ ከሌለው የለውም በሉን። «ኢት» የት እንደምትገባ አሳዩን። ትርጉሙን ሁለት ሰዎች ሲያወሩበት አሰሙን። ለምንማረው ደግሞ፦ ደብተሩን ዝጉ አልልም፤ ግን «ማለት» ብላችሁ በጻፋችሁት ፊት ለፊት ከራሳችሁ ሕይወት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ጮክ ብላችሁም ተናገሩት። «እንደዚህ ዓይነት ነገር በአማርኛ የለም» የሚላችሁን ሰው ደግሞ «ድርግም አለ» ማለት ምን እንደሆነ ጠይቁት። ለመጀመሪያው ሳምንት «አፕ» ይበቃል፦ ከፍ፣ ብቅ፣ ሙጥጥ።