«አልቻልኩም» የሚለውን ሰው እንመነው

ሲጋራ ማቆም ላቃተው ሰው ሁላችንም የምንደጋግመው ቃል አለ፦ «ቆራጥ ብትሆን ኖሮ ታቆም ነበር።» ምክር ይመስላል እንጂ ፍርድ ነው። ፍርዱ ደግሞ ሚዛን የጎደለው ነው ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2007 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ይህን ፍርድ ክፉኛ ይፈትነዋል። ጥናቱ የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸውን አጫሾች ተከታተለ። ኢንሱላ የሚባለው፣ ከአንጎል ጎን በጥልቀት የተሸሸገው ክፍል ከተጎዳባቸው መካከል ብዙዎቹ ሲጋራን ያለ ምንም ትግል ተዉት፤ አምሮቱም ጠፋላቸው። እነዚህ ሰዎች ከጉዳቱ በኋላ ጨዋነት ወይም ወኔ አልተጨመረላቸውም። የተለወጠው አንጎላቸው ነው። ራስን መግዛት እንደ መራመድና እንደ ማየት ሁሉ የአካል ሥራም ነው ማለት ነው።

የአካል ሥራ ከሆነ ሊታከም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ የራስ ቅልን ሳይከፍቱ አንጎልን በማግኔት የሚያነቃቃ መሣሪያ አሳዩ። የሽቦ ጥቅል ጭንቅላት ላይ ይደረጋል፤ በቅጽበት የሚመጣና የሚጠፋ የማግኔት ኃይል አጥንቱን አልፎ በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ መጠነኛ ኤሌክትሪክ ያስነሳል። ቢላዋም ማደንዘዣም የለውም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሕክምናውን እ.ኤ.አ. በ2008 ለድባቴ፣ በ2020 ደግሞ ማጨስ ማቆም ለሚፈልጉ አዋቂዎች ፈቀደ።

ለሁለተኛው ፈቃድ መሠረት የሆነው ሙከራ 262 የቆዩ አጫሾችን አሳትፏል፤ ሁሉም ለማቆም ሞክረው ያልተሳካላቸው ነበሩ። በየቀጠሮው መጀመሪያ አምሮታቸው ሆን ተብሎ ይቀሰቀሳል፤ ከዚያ መሣሪያው ኢንሱላንና በግንባር በኩል ያለውን፣ «ተው፣ አቁም» የሚለውን የአንጎል ክፍል ያነቃቃል። ለሦስት ሳምንት በየሥራ ቀኑ፣ ለሌላ ሦስት ሳምንት ደግሞ በሳምንት አንዴ። እስከ 18ኛው ሳምንት ድረስ ቢያንስ ለአራት ተከታታይ ሳምንታት ከሲጋራ የራቁት፣ እውነተኛውን ሕክምና ካገኙት 19.4 በመቶ፣ ለንጽጽር የማስመሰያ ሕክምና ብቻ ካገኙት ደግሞ 8.7 በመቶ ነበሩ።

ይህን ውጤት ሳናሳንስም ሳናጋንንም እንያዘው። ሕክምናው የማቆም ዕድልን ከእጥፍ በላይ አሳድጓል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከአምስት ሰዎች አራቱ ግን ታክመውም አላቆሙም። ተአምር የሚሸጥላችሁ ካለ አትመኑት።

በተለይ ቤት ውስጥ እንድንጠቀምባቸው ስለሚሸጡት፣ በባትሪ ስለሚሠሩት መሣሪያዎች አጥብቄ ማሳሰብ እፈልጋለሁ። እነዚህ ከማግኔቱ የተለዩ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊአምፔር የሚደርስ ደካማ ኤሌክትሪክ በቆዳ በኩል ይልካሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የዘርፉ ተመራማሪዎች በግልጽ ደብዳቤ አስጠንቅቀዋል፦ አንዱን ችሎታ ለማሻሻል የታሰበው ሌላውን ሊጎዳ ይችላል፣ ውጤቱም ከሰው ሰው ይለያያል። የማግኔቱ ሕክምና ራሱ አልፎ አልፎ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንቀጥቀጥ ስለሚያስከትል፣ የበሽተኛውን ታሪክ የሚመረምር ሐኪም ያስፈልገዋል። አንጎል በራስ ግምት የሚሞከርበት ቦታ አይደለም።

ማስመሰያውን ካገኙትም ያቆሙ መኖራቸው ሌላ ትምህርት ይዟል። ሁለቱም ወገኖች ከየቀጠሮው በኋላ የሚያበረታታቸው ሰው ነበራቸው፤ የሚያቆሙበትንም ቀን ቆርጠው ነበር። ይህን ለማድረግ ማሽን አያስፈልግም። አገራችንም በ2011 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክላለች። ይህን ሕግ በየምግብ ቤቱና በየመጠጥ ቤቱ ማስከበር፣ ለማቆም ከሚታገለው ሰው ዓይንና አፍንጫ ፈተናውን ማራቅ ነው፤ ለደከመ አንጎል ይህም እርዳታ ነው።

ስለዚህ ቤተሰባችን ወይም ወዳጃችን «አልቻልኩም» ሲለን በመጀመሪያ እንመነው። «መቼ ይብስብሃል? በዚያን ሰዓት ምን ላድርግልህ?» ብለን እንጠይቀው፤ ወደ ሐኪም ሲሄድም አብረነው እንሂድ። በተግሣጹማ ከማንም በላይ ራሱን ሲገሥጽበት ኖሯል።