ከካርቲየ 5 የመጣ ምስጋና

አማርኛን በመማር ላይ የሚገኙ ባለሥልጣኖች አንባቢዎቻችን «አመሰግናለሁ» የሚለውን ቃል ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ባንዱ እንደሚያገኙት እናውቃለን። ይሁን እንጂ የአገራችን ሰው ልቡ በተነካ ጊዜ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል፤ ይኸውም እኔ የምከፍለው ስለሌለኝ እርሱ በእኔ ፈንታ ይክፈልልኝ ማለት ነው። ውለታው ከዚህም ከፍ ያለ እንደ ሆነ «ውለታ መላሽ ያድርገኝ» ይላል። በዚህኛው አነጋገር ተናጋሪው ዕዳውን በራሱ ላይ ያስቀራል። ይህን ልዩነት አጥርተን ያስተዋልነው ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን፥ በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 5 ካነጋገርናቸው ከአንዲት እንጀራ ሻጭ እናት አንደበት ነው።

ካርቲየ በፈረንሳይኛ ሰፈር ማለት ነው። የከተማይቱ አሮጌ ሰፈሮች እንደ ክፍለ ጦር በቍጥር ይጠራሉ። በጠባቡ መንገድ ግራና ቀኝ የእንጨትና የቆርቆሮ ቤቶች ተጠጋግተው ይታያሉ፤ ሶማልኛ፥ አፋርኛ፥ ዐረብኛ፥ ፈረንሳይኛና አማርኛም ይሰማሉ። ኢትዮጵያዊ ለዚህች ከተማ አዲስ አይደለም። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተጀመረው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፥ ነጋዴውም ሠራተኛውም ስደተኛውም በዚሁ መሥመር ሲወርድና ሲወጣ ኖሯል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ወደ ስደት የሄዱት በዚህ ሐዲድ ወርደው ከጅቡቲ ወደብ በመርከብ ነበር። ከአሮጌው ሐዲድ ቀጥሎ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመረቀ።

የሁለቱ አገሮች ኑሮ እንዲህ የተሳሰረ ስለ ሆነ፥ ማን ለማን ባለውለታ እንደ ሆነ በካርቲየ 5 ተቀምጦ ለመቍጠር የሞከረ ሰው ሒሳቡ ይጠፋበታል። ጅቡቲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2011 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ኃይል ከኢትዮጵያ ትገዛለች፤ ከ2017 ጀምሮም በሶማሌ ክልል ከሐደጋላ የከርሰ ምድር ውሃ በቧንቧ ይደርሳታል። ኢትዮጵያም ከውጭ የምታስመጣውን ዕቃ እጅግ የሚበዛውን የምትቀበለው በጅቡቲ ወደብ ነው።

እኒያ እናት የድሬዳዋ ተወላጅ ናቸው፤ ጅቡቲ ከገቡ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ምጣዳቸውን የሚጥዱት ሌሊት በ10 ሰዓት ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በበጋው ወራት ከእሳት ፊት መቀመጥ ምን እንደሚመስል ለእመቤቶች አንባቢዎቻችን መግለጥ አያሻንም። (እዚያ በጋ የሚባለው በእኛ ክረምት መሆኑን ግን ልብ ይሏል።) በዚህ ገንዘብ የእኅታቸውን ሁለት ልጆች ድሬዳዋ ያስተምራሉ።

በሄድንበት ቀን ከወሎ የመጣ አንድ ወጣት ከማዕዱ ተቀምጦ ነበር። አሳቡ ወደ ኦቦክ አልፎ፥ ከዚያም ባሕሩን ወደ የመን ተሻግሮ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመድረስ ነው። ስለ አገር ውለታ ጨዋታ ስናነሣ ቀና ብሎ፦

«እኔ ምን ተደርጎልኝ ነው አገሬን የማመሰግናት?» አለን። «እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አስተማረችኝ፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሥራ ፈትቼ ተቀመጥሁ።»

እኛ የምንመልሰውን ስንፈልግ እናቲቱ ቀደሙን። «እውነትህን ነው ልጄ» አሉት። «እኔን ግን ፊደል እንኳ አላስቈጠረችኝም።»

ቀጥለውም የደረሰባቸውን አጫወቱን። ከብዙ ዓመት በፊት ፓስፖርታቸውን ለማሳደስ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደው «ፎርሙን ሞልተሽ ነይ» እየተባሉ ሦስት ጊዜ ተመለሱ። ማንበብ እንደማይችሉ ለመናገር አፈሩ። በአራተኛው ቀን መስኮቱ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጦ ነበር። ወረቀቱን በእጃቸው ገልብጠው መያዛቸውን ባየ ጊዜ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ከአጠገባቸው ቆሞ እያንዳንዱን ጥያቄ እያነበበ፥ «እማማ፥ እዚህ ላይ ምን ብዬ ልጻፍልዎ?» እያለ ሞላላቸው፤ ጣታቸውንም አስፈረማቸው።

«ያን ቀን አገሬ ከወንበሯ ብድግ ብላ ተቀበለችኝ አልሁ» አሉን። «ውለታ መላሽ ያድርገኝ ብዬው ሄድሁ። ልመልስ ብዬ ብመጣ ተዛውሯል። እንግዲህ ውለታው የአገሬ ነው ብዬ፥ ከአገሬ ለመጣ ለራበው ሁሉ እመልሳለሁ።»

ወጣቱ ሳቀ፤ የመረረ ሣቅ ግን አልነበረም። በእኛ በኩል የልጁን ጥያቄ አቅልለን አናየውም። ትምህርት ቤት ያገኘ ሰው ትልቅ ነገር ተሰጥቶታል፤ የተማረበትን የሚሠራበት ስፍራ ሲያጣ ግን ስጦታው ራሱ ያንገበግበዋል፤ ምስጋናም በደብዳቤ ቍጥርና ቀን ተጽፎ የሚታዘዝ ነገር አይደለም። ስለ ባሕሩም ነግረነዋል። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. በኦቦክ አቅራቢያ በጎዶሪያ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 የሚበልጡ ስደተኞች ሞተዋል። እርሱም መስማቱን ነገረን፤ ሰምቶም መጥቷል።

ባለሥልጣኖች አንባቢዎቻችንን የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። በውጭ አገር የሚኖር ሰው አገሩን የሚያገኛት በዓመት አንድ ጊዜ ወይም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፥ እርስዎ በተቀመጡበት መስኮት በኩል ነው። የተማሩትም አማርኛ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልግዎ እዚያ ነው፤ «እዚህ ላይ ምን ብዬ ልጻፍልዎ?» ለማለት ብዙ ሰዋስው አይጠይቅም።

በማግሥቱ ለስንብት ብንመለስ ወጣቱ ሄዷል። ወደ ኦቦክ ይሁን ወደ ድሬዳዋ አልነገራቸውም። የሦስት ቀን ሒሳብ ሊከፍል ቢዘረጋ አልተቀበሉትም። ሲወጣ ምን እንዳለ ጠየቅናቸው።

«ውለታ መላሽ ያድርገኝ ብሎኛል» አሉን፤ ምጣዳቸውንም በጎመን ዘር ያስሱ ጀመር።