ካራቆሬን የረሳ ዕቅድ

ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራረሳት፤ ከካራቆሬ ቤቶች ግማሽ ያህሉን ጣለ፤ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚወስደውን አውራ ጎዳናም ሰነጣጠቀው። ማጀቴና ካራቆሬ ከከተማችን ከከሚሴ በስተደቡብ ያሉ የቅርብ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ካናዳዊው ቄስና ተመራማሪ ፒየር ጉዌን ጉዳቱን መዝግበው አቆይተውልናል። ጂኦግራፊ ሳስተምር ግን ተማሪዎቼ የጃፓኑን እንጂ የካራቆሬውን አያውቁም ነበር። መጽሐፋቸውም አይነግራቸውም።

በ2017 ዓ.ም. መሬት በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ስትናወጥ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ፣ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ እኛ በቴሌቪዥን አየነው። የተቀመጥንበት ስምጥ ግን ከዚያው ስምጥ ሸለቆ የሚያያዝ ነው። ቦርከና ከደሴና ከኮምቦልቻ አፈር እያመጣ የጨፋን ሜዳ ሞልቶታል፤ እንዲህ ያለ ደለል ደግሞ ንዝረትን ያጎላል። በጋ ላይ የአፋር ከብት ሳይቀር የሚጠጋበት የጨፋ ረግረግ የክረምቱን ጎርፍም ይውጥልናል። ከተማው ወደ ሜዳው በሰፋ ቁጥር በሁለት በኩል እንጋለጣለን፦ ውኃውን የሚይዝልንን እናጣለን፣ ቤታችንንም ለስላሳ አፈር ላይ እንተክላለን። ስለዚህ የከሚሴ መሪ ፕላን እና የዞኑ የአደጋ ዕቅድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይሠሩ የምለው በከንቱ አይደለም። የቦታ ምሪት የሚሰጠው ሰው ጎርፉ የት እንደሚደርስ የሚያሳየውን ካርታ አይቶ ይፈርም።

ያደግነው ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። እንጨትና ጭቃ ሲናወጥ ይጣመማል እንጂ እንደ ድንጋይ ግንብ ቶሎ ሰው ላይ አይወርድም። ዛሬ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የሚነሣው ብሎኬትና አርማታ ነው። ክፉ አይደለም፣ በወጉ ከታሰረ። የሕንፃ አዋጅ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አለን፤ የዲዛይን ደንቡም የመሬት መንቀጥቀጥን ያሰላል። ችግሩ ወረቀቱ ላይ አይደለም። ፌሮውን የሚያቅፈው ስታፋ በኮለኑ እግርና ራስ ላይ ተጠጋግቶ መታሰር አለበት፤ መሬት ስትነቃነቅ ኮለን በብዛት የሚሰበረው እዚያ ነውና። ማጠጋጋቱ የሚያስጨምረው ጥቂት ኪሎ ብረት ነው። አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ግን ማን ገልጦ ያየዋል? የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው አካል አርማታው ከመሞላቱ በፊት ባለሙያ ልኮ ያስቆጥር። ከዚህ በላይ ርካሽ ነፍስ ማዳኛ አላውቅም። ግንበኞቹንም ሰብስቦ አንድ ቀን ማሳየት ነው፤ አብዛኞቹ ሥራውን የለመዱት ከአሠሪ ወደ አሠሪ ሲዞሩ ነው እንጂ ማንም ስለ መንቀጥቀጥ አልነገራቸውም።

ሌላው መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደሴ ደግሞ 75 ያህል እንርቃለን፤ የሚያገናኘንም ያው አንድ አስፋልት ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እዚህ ደርሶ መንገዱ ሲቋረጥ ምን እንደሆነ ለከሚሴ ሰው መንገር አያስፈልግም። ጽኑ ሕመምተኛ ደሴ ይደርሳል ብሎ የሚጀምር ዕቅድ ከመነሻው ተሳስቷል። መንገዱ ተዘግቶ ሳምንት ቢቆይስ ብሎ ይጀምር፦ መድኃኒቱ የት ይቀመጣል፣ ውኃው መብራት ሲጠፋ በምን ይሳባል፣ ድልድይ ቢወድቅ በየትኛው ጥርጊያ ይዞራል?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈራችን ቅሬ (ዕድር) ጸሐፊ ነኝ። መዝገቤ ላይ የየቤቱ ስም አለ። ድንኳን አለን፣ ትልልቅ ብረት ድስት አለን፣ መቃብር የምንቆፍርበት አካፋና ዶማ አለን። ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ የማን እናት ዓይናቸው እንደማያይ የምናውቀው እኛ ነን። ሰው ሲሞት ጥሪው ሰፈሩን ለማዳረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ታዲያ ለፍለጋና ለማዳን ሥራ ከዚህ የተሻለ ምን ይቋቋማል? ለየቅሬው ሁለት ሁለት ወጣት የመጀመሪያ እርዳታ ይሠልጥን፤ የወደቀ ግድግዳ ማንሻ ፈርሳ፣ መጋዝና የእጅ ባትሪ ከድስቱ አጠገብ ይቀመጥ። እስካሁን ግን ለመዋጮ እንጂ ለዕቅድ ስንጠራ አላየሁም።

«የጥይቱ ስጋት ሳይበርድ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ታወራለህ?» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። አዎ፣ አወራለሁ። የሠለጠነ ወጣት፣ የተከማቸ መድኃኒትና የታወቀ መሰብሰቢያ ሜዳ ለጎርፍም ለተኩስም ያገለግላሉ። ለፀጥታ ስብሰባ ጊዜ አላጣንም፤ ከዚያው ላይ አንድ ሰዓት ይቆረስ።

የአደጋ ጊዜ ልምምድም ያስፈልገናል፤ ባቲ ላይ ቢጀመር እመርጣለሁ፣ ሰኞ በገበያው ቀን። አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም ከግመሉና ከፍየሉ ጋር አንድ ቦታ የሚጨናነቀው ያን ዕለት ነው። ማስጠንቀቂያው በሦስቱም ቋንቋ ይነገር፤ ከድምፅ ማጉያው ፊት የሚቆመውም ገበያተኛው በመልክ የሚያውቀው ሰው ይሁን። ግመሎቹ በየት በኩል እንደሚወጡ ግን ቀድሞ ነጋዴዎቹን መጠየቅ ነው፤ መውጫውን ከማንም መሐንዲስ በላይ እነሱ ያውቁታል።