ድምፁ የአገር፣ ፊቱ የባዕድ፦ የተከታታይ ድራማ ውክልና ከይፋት ቆላ ሲታይ

በ1968 እ.ኤ.አ. ኤለን ሆሊ በአሜሪካ የቀን ተከታታይ ድራማ ዐቢይ ሚና ስታገኝ፣ የተጫወተችው ነጭ መስላ የምትኖር ጥቁር ሴትን ነበር። በቴሌቪዥን መገኘትና በራስ ማንነት መታየት እንደሚለያዩ ይህ አንድ ማስረጃ ነው።

በኢትዮጵያ ልዩነቱ በሌላ መልክ ተከሥቷል። በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ ካቀረባቸው የቱርክ ድራማዎች አንዱ «ጥቁር ፍቅር» ይባላል፤ ስሙና ድምፁ የአገር ነው፣ ፊቱ ግን የባዕድ። የትርጉም ድራማን የተቃወሙ የጥበብ ባለሙያዎች መፍትሔውን በአገር ውስጥ ሥራ ይፈልጋሉ። ክርክሩ ተገቢ ቢሆንም ከሸዋ ሮቢት ሲታይ ጎደሎ ነው፤ «ሰው ለሰው»ን የመሰሉ ታዋቂ ድራማዎችም መቼታቸው አዲስ አበባ ነውና። አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኙበት የይፋት ገበያም ሆነ የማሾ አምራቹ ኑሮ የታሪክ ማዕከል ሲሆን እምብዛም አይታይም።

ስለዚህ የውክልና ጥናት ፊትን በመቁጠር ሳይወሰን መቼትን፣ አነጋገርንና የገጸ ባሕርያቱን የመወሰን ሥልጣን ሊመረምር ይገባል። የማሾ ዋጋ መውደቅ የአንድን ቤተሰብ ዕጣ የሚለውጥበት ድራማ እስኪጻፍ ድረስ፣ የቆላው ተመልካች በባዕዱም በአገሩም ድራማ እንግዳ ሆኖ ይቀጥላል።