ከካቴናው በኋላ ያለው ገጽ

ስለ ወንጀል ምርመራ ልቦለድ በኪነ ጥበብ መጽሔት ላይ መጻፍን እንደ ነውር የሚቆጥሩ ሐያስያን አሉ። ለእነርሱ ይህ ዐይነቱ ድርሰት መንገድ ማሳጠሪያና እንቅልፍ መጥሪያ እንጂ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። በሌላው ወገን የዘርፉ ወዳጆች ነን የሚሉ ደራስያን ተሰልፈዋል። የእነርሱ ቀመር የታወቀ ነው፤ አንድ ሬሳ፣ ጥቂት ተጠርጣሪዎች፣ እንቅልፍ የማያውቅ ወጣት ዐቃቤ ሕግ፤ በመጨረሻው ገጽ ካቴናው ይቈለፋል፣ አንባቢም እፎይ ብሎ መጽሐፉን ያጥፋል። ሁለቱ ወገኖች የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ስሕተት የተስማሙ ናቸው፤ የዚህ ድርሰት ጥያቄ «ገዳዩ ማን ነው?» ብቻ ነው ብለው ያምናሉ። እኛ ግን አይደለም እንላለን።

ለክርክራችን ምስክር አድርገን የምንጠራው «ዜድ»ን ነው፤ ግሪካዊው ቫሲሊስ ቫሲሊኮስ በ1966 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የጻፈውን፣ ኮስታ ጋቭራስም በ1969 ወደ ፊልም ያመጣውን ሥራ። ታሪኩ ከእውነት የተቀዳ ነው። ግሪጎሪስ ላምብራኪስ ሐኪም፣ በርዝመት ዝላይ የታወቀ ስፖርተኛና የፓርላማ አባል ነበር። በኤፕሪል 1963 የታገደውን የሰላም ጉዞ ሌሎቹ ሲያዙ እርሱ ያለመከሰስ መብቱን ይዞ ከማራቶን ተነሥቶ ብቻውን ተጓዘ። ሜይ 22 ቀን በተሰሎንቄ ከተማ በሰላም ስብሰባ ላይ ንግግር አድርጎ ሲወጣ፣ ባለ ሦስት ጎማ የጭነት ተሽከርካሪ እየበረረ መጣ፤ ከላዩ የነበረው ሰው ጭንቅላቱን በዱላ መታው። ይህ የሆነው ፖሊሶች በብዛት በቆሙበት አደባባይ ነው። ላምብራኪስ ከአምስት ቀን በኋላ ሞተ። ባለሥልጣኖቹ ግን ነገሩን የመኪና አደጋ አሉት።

ልብ በሉ! በዚህ ታሪክ ገዳዮቹ ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። ስለዚህ «ማን መታው?» የሚለው ጥያቄ ታሪኩን ሊሸከም አይችልም። ታሪኩን የተሸከመው «አደጋ ነው ያለው ማን ነው? ለምንስ አለ?» የሚለው ነው። ምርመራው የተሰጠው የ34 ዓመቱ መርማሪ ዳኛ ክሪስቶስ ሳርዜታኪስ ነበር፤ በግሪክ ሥርዐት እንዲህ ያለውን ነገር የሚመረምረው ዳኛ ነውና። በፊልሙ ይህ ሰው ጀግና አይመስልም። ስም እንኳ አልተሰጠውም፤ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ቍጥብ የቢሮ ሰው ነው። ምስክሮቹ «ግድያ» ሲሉ «የደረሰው ነገር» እያለ ያርማቸዋል። ማስረጃው ሲሞላ ግን ያችው ቃል ከራሱ አንደበት ትወጣለች። ተኵስም ሆነ ሩጫ የዚህችን አንዲት ቃል ያህል ልብ አያንጠለጥልም፤ ሕግ ነገሩን በስሙ የጠራበት ሰዓት ነውና።

ቀመር የያዘ ደራሲ ቢሆን እዚህ ላይ ይዘጋው ነበር። መኰንኖቹ ተከሰዋል፤ ጭብጨባ! እውነተኛው ታሪክ ግን ከዚህ ይጀምራል። በ1966 በተሰጠው ፍርድ የተሽከርካሪው ሰዎች ታሰሩ፣ የጸጥታ መኰንኖቹ በነጻ ተለቀቁ። በኤፕሪል 1967 ወታደሮች ሥልጣን ያዙ፤ በምርመራው ላይ ጫና አድርጓል ተብሎ ስሙ የተነሣው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዐቃቤ ሕግ ኮንስታንቲኖስ ኮሊያስ የዚያ መንግሥት የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ወጣቱ ዳኛ ግን በ1968 ከሥራው ተባረረ፤ በኋላም ታሰረ። እርግጥ በ1985 ሳርዜታኪስ የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ይህ የአንድን ሰው ክብር መለሰ እንጂ የ1966ን ፍርድ አልለወጠም።

«አንባቢ ተስፋ ይሻል፤ እንዲህ ያለ ፍጻሜ ያስከፋዋል» የሚል ክርክር ይቀርባል። ይህ አንባቢን እንደ ሕፃን መቍጠር ነው። «ዜድ» መራራ ፍጻሜውን ሳይሸሽግ በዓለም ሲኒማዎች ተመልካች አግኝቷል፤ በአልጄሪያ ስም ቀርቦም የውጭ ቋንቋ ፊልሞችን የኦስካር ሽልማት ወስዷል። ካቴና ባየ ቍጥር ማጨብጨብ የለመደ አንባቢ ግን ከችሎቱ ደጅ ይመለሳል፤ ውስጥ የሚሆነውን አይጠይቅም። አደገኛው ትምህርት ይህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከ«ዜድ» ጥቁር መነጽሩን ብቻ የሚኰርጁ ደራስያን ሕግ የአንድ ደፋር ወጣት ሥራ ይመስላቸዋል። ሳርዜታኪስ ግን ብቻውን አልነበረም። የተሰሎንቄው ዐቃቤ ሕግ ፓቭሎስ ዴላፖርታስ ከጎኑ ቆሟል፤ ጋዜጠኞች ምስክር ፈልገዋል፤ ማኖሊስ ሃጂያፖስቶሉ የተባለ ተራ ሰው በሚበረው ተሽከርካሪ ላይ ዘሎ ወጥቶ ከገዳዮቹ ጋር ባይተናነቅ ኖሮ ምናልባት ዳኛው የሚይዘው ጭራ አይኖርም ነበር።

ይህ ለእኛ ባዕድ አሳብ አይደለም። አባቶቻችን ወንጀለኛ ሲሰወር አገሬውን ሰብስበው በአውጫጭኝ ይጠይቁ ነበር። አውጫጭኝን እንናፍቃለን ማለታችን አይደለም፤ ንጹሑንም ከበደለኛው ጋር በሜዳ ያውል ነበርና። ዳሩ ግን የፈሰሰ ደም የመላው አገር ጕዳይ መሆኑን ያውቅ ነበር። የሚፋረድለት ያጣውን ሟች ቋንቋችን «ደመ ከልብ ሆነ» ይለዋል። ይህ ቃል የሚወቅሰው ገዳዩን ብቻ አይደለም፤ አይቶ ዝም ያለውን ሁሉ ነው።

እንግዲህ የወንጀል ልቦለድ የምትጽፉ ደራስያን ሆይ፣ ወጣቱን ዐቃቤ ሕጋችሁን ውደዱት፤ ነገር ግን ብቻውን አታቁሙት። ምስክሩ ሲፈራ፣ መዝገቡ ሲዘገይ፣ አለቃው «ነገሩን ተወው» ሲለው፣ ችሎቱም ሲፈርድ አሳዩን። ካቴናው ከተቈለፈ በኋላ ያለው ገጽ ገና አልተጻፈም፤ ሟቹ ደመ ከልብ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በዚያ ገጽ ነው።